ጠጠሩን ጎርፍ አልወሰደውም

የጻፈልኝ የወንጂ ልጅ ነው። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ በሰፈራችን ጥግ የመስኖ ቦይ ያልፋል። ዳሩን ይዞ የሚሄድ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው መንገድ አለን። ተማሪውም ሠራተኛውም በእግርና በሳይክል ይመላለስበታል። ሁለት ዓመት አዋጥተን 02 የሚባለውን ወፈር ያለ ጠጠር አፈሰስንበት። ክረምቱ ሲወጣ ጠጠሩ የለም፣ ጭቃ ብቻ። አሁን ደግሞ አምስት ሳንቲ ኮንክሪት እናልብሰው የሚሉ አሉ። ምን ይመክሩናል?»

ኮንክሪቱን ተዉት። የእናንተ መሬት ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እጅ የሚያስገባ መሬት ላይ ስስ ኮንክሪት ቢፈስ ዓመት ሳይሞላው እንደ ቂጣ ይሰባበራል።

ጠጠሩንም ጎርፍ የወሰደው እንዳይመስልህ። አንድ ቦታ ስንዝር ያህል ቆፍር፣ እዚያው ታገኘዋለህ። አፈሩ ሲርስ ሊጥ ይሆናል። ሳይክል ባለፈ ቁጥር ጠጠሩ ይሰምጣል፣ ጭቃው ይወጣል። 02 ደግሞ መጠኑ ተመሳሳይ ስለሆነ እርስ በርሱ አይያያዝም፤ ደርቆም ጎማ ያንሸራትታል። ሦስተኛ ዙር ብትጨምሩም ያው ነው።

ከሁሉ በፊት በበጋ፣ ቦዩ ሞልቶ ሳለ፣ መንገዱን በእግርህ እየው። ዝናብ ሳይኖር የረጠበ ቦታ ካለ ቦዩ እየሰረገ ነው። ያ ሳይደፈን በላዩ መንገድ መሥራት ብር መጣል ነው። ቦዩን የሚያስተዳድሩትን ሳታስፈቅዱም አካፋ አታንሱ፤ የእናንተ መንገድ የእነሱ የቦይ ግድግዳ ነው። ለዚህም ነው ወደ ታች አትቆፍሩ የምለው። ለስላሳውን ጭቃ ብቻ ጠርጋችሁ መንገዱን ወደ ላይ አሳድጉት።

በተጠረገው ላይ ጂኦቴክስታይል የሚባለውን ውሃ የሚያሳልፍ ጠንካራ ጨርቅ አንጥፉ። ጭቃና ድንጋዩን የሚለያየው እሱ ነው። አቅም ካነሰ ባዶ ማዳበሪያ ተርትራችሁ፣ ጠርዙን ሠላሳ ሳንቲ እያደራረባችሁ አንጥፉ። እኩያው አይደለም፣ ግን ከምንም ይሻላል። ከዚያ ሬድ አሽ የምንለውን ቀዩን ቀላል ድንጋይ በሁለት ዙር፣ ተጠቅጥቆ 15 ሳንቲ እንዲሆን። አዳማ ዙሪያ ሞልቷል። ለመቶ ሜትር 40 ሜትር ኩብ ግድም ይበላል፤ በሲኖ ገልባጭ መኪና ሁለት ተኩል ጭነት በለው። ላዩን 00 የሚባለውን ደቃቅ ጠጠር ከነብናኙ አምስት ሳንቲ አልብሱት። ብናኙን ነፍተው እንዳያመጡላችሁ፣ የሚያያይዘው እሱ ነው። እንግሊዝ አገር ድሮ ጀልባ የሚጎትት ፈረስ ይሄድባቸው የነበሩ የቦይ ዳር መንገዶች ዛሬ የእግረኛና የሳይክል ናቸው፤ ብዙ ቦታ ላያቸው የተጠቀጠቀ ደቃቅ ድንጋይ ነው።

እርጥበቱን በእጅህ ለካ። 00ውን ጭብጥ አድርገህ ጨምቀው። ጣትህ መሃል ውሃ ከወጣ በዝቷል። እጅህን ስትከፍት ከተበተነ ደርቋል። ድቡልቡል ብሎ ከቆየና በጣትህ ስትነካው ለሁለት ከተከፈለ፣ በል ጠቅጥቅ።

መጠቅጠቂያው በእጅ የሚገፋ ትንሽ ኮምፓክተር ይሁን። ወጣት ፎርማን ሳለሁ ትልቅ ሮለር ቦይ ዳር አስነድቼ ንዝረቱ ዳሩን ገምሶ ቦዩ ውስጥ ጣለው። ሮለሩ ተረፈ፣ እኔ ግን ሦስት ቀን ጭቃ ስዝቅ ከረምኩ።

ተዳፋቱ ከቦዩ ወደ ውጭ ይሁን። በሁለት ሜትር ስፋት አምስት ሳንቲ ዝቅታ ይበቃል፤ ሲባጎ ወጥራችሁ በውሃ ልክ አረጋግጡ። ውሃው የሚወርድበት ትንሽ ማፋሰሻ በውጭው በኩል ቆፍሩ። ወደ ቦዩ ካዘነበለ ዳሩን ይሸረሽረዋል፣ ደለሉም እዚያው ይገባል።

ሥራውን ጥቅምት መጨረሻ ጀምሩ፤ ጭቃው ደርቆ ስንጥቁ ገና ሳይሰፋ። ትርፍ 00 አንድ ጥግ አስቀምጡ፣ በየዓመቱ መስከረም ላይ ጉድጓድ ትሞሉበታላችሁ።

ደግሞ መንገዱ ሲያምር ባጃጅ ይመጣል። መግቢያው መሃል ላይ አንድ የብረት ቋሚ ትከሉ። በግራም በቀኝም አንድ አንድ ሜትር ሲቀር ሳይክል ያልፋል፣ ባጃጅ አያልፍም። ነጭ ቀለም ቀቡት፣ ማታ ከሥራ የሚመለስ እንዳይጋጨው።