ለቤት ቀረጻም ለትንሽ መድረክም የሚሆን ዕቃ፦ ክራር ለሚደረድሩት እህታችን የተሰጠ ምላሽ

እህታችን ክራር እየደረደሩ እንደሚዘፍኑ፣ ዓርብ ማታ ሃምሳ ሰው በማይሞላ ምግብ ቤት ውስጥ እንደሚጫወቱ፣ ቤታቸውም በላፕቶፕ መቅረጽ እንደሚፈልጉ ገልጸው፣ ባላቸው ውስን ገንዘብ ለሁለቱም የሚያገለግል ዕቃ ከምን መጀመር እንዳለባቸው ጠይቀዋል። ከእኔ በፊት ከመለሱት የቡድናችን አባላት አብዛኞቹ ኮንደንሰር ማይክና ሳውንድ ካርድ (የማይክን ድምፅ ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባ ትንሽ ሳጥን) እንዲገዙ፣ ሚክሰር (የተለያዩ ድምፆችን የሚያደባልቅና የሚቆጣጠር ዕቃ) ግን እንዲተዉ መክረዋል። ምክሩ ቤት ውስጥ ብቻ ለሚቀርጽ ሰው ጥሩ ነው፤ ለእርስዎ ግን አይመስለኝም። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ሠርግና መልስ ላይ ድምፅ ስቆጣጠር፣ በትርፍ ጊዜዬም ቤቴ ውስጥ ስቀርጽ ያየሁትን ልንገርዎት።

እኔም የመጀመሪያ ገንዘቤን ያወጣሁት ለኮንደንሰር ማይክ ነበር። ኮንደንሰር 48 ቮልት ከሚክሰሩ ወይም ከሳውንድ ካርዱ እየተቀበለ የሚሠራና ትንሿን ድምፅ ሳይቀር የሚለቅም ማይክ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ያን ጊዜ የምኖርበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ስለነበር ሐምሌ ሲገባ ቀረጻ የማይታሰብ ነገር ሆነ፤ ዝናብ በሌለበት ቀን እንኳ ከቀረጽኩት ዘፈን መካከል የጎረቤት ቡና ሲወቀጥ የሙቀጫው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ይህንኑ ማይክ ለመልስ ድግስ ድንኳን ውስጥ ይዤው ብገባ ደግሞ የጄኔሬተሩን ድምፅ ከዘፋኙ ጋር አብሮ አወጣው፤ ድምፁን ከፍ ባደረግሁ ቁጥርም ይጮህብኝ ጀመር። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዙት ዳይናሚክ ማይክ ይሁን። ዳይናሚክ ማይክ አፍዎ አጠገብ ያለውን በደንብ ይወስዳል፣ ራቅ ያለውን ብዙም አያነሳም፤ ስለዚህ ድምፅ ያልታፈነበት ተራ ክፍልም ሆነ ጫጫታ ያለበት ምግብ ቤት ውስጥ በእኩል ያገለግልዎታል። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረተው ሹር ኤስ ኤም 58 በየመድረኩ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። አሜሪካ ውስጥ ዋጋው መቶ ዶላር አካባቢ ነው። ነገር ግን አስመስለው የተሠሩት ብዙ ናቸውና ተጠንቀቁ፤ እኔ ራሴ አንዱን ኦሪጅናል ነው ተብዬ ገዝቼ ሁለት ወር ሳይሞላው ድምፁ ታፍኖ ቀርቷል። እውነተኛው ወደ 300 ግራም የሚጠጋ ክብደት አለው፤ እጅዎ ላይ እንደ ላስቲክ መጫወቻ ከቀለለብዎት ይተዉት።

ወደ ዋናው ክርክር ልመለስ፤ ሳውንድ ካርድ ወይስ ዩኤስቢ ያለው ትንሽ ሚክሰር? አባላቱ ሚክሰርን የተቃወሙበት ምክንያት እውነትነት አለው። ርካሾቹ የዩኤስቢ ሚክሰሮች የገባውን ሁሉ ደባልቀው ግራና ቀኝ ብቻ አድርገው ወደ ላፕቶፑ ስለሚልኩ፣ ከበሮና ቤዝ ያለው ባንድ የቀረጸ ሰው በኋላ አንዱን ድምፅ ለይቶ በቀላሉ ማስተካከል አይችልም። የእርስዎ ግን ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ አንድ ጉሮሮና አንድ ክራር። ሲቀርጹ የማይኩን ፓን (ድምፁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚያደላውን ቁልፍ) ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ የክራሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ያዙሩት፤ ላፕቶፑ ላይ ግራና ቀኙን ሲለያዩዋቸው ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ትራኮች ያገኛሉ። ሪቨርቡ (ድምፁን የሚያስተጋባው) ግን በቀረጻ ጊዜ ዜሮ ላይ ይሁን፤ አንዴ አብሮ ከተቀረጸ ማውጣቱ ያስቸግራልና። ምግብ ቤት ሲሄዱ ደግሞ ሁለቱንም ፓን ወደ መካከል መልሰው ላፕቶፑን ቤት ትተውት ይሄዳሉ። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ መድረክ ላይ ላፕቶፕ ላይ የተንጠለጠለ ሥራ ላፕቶፑ በደረቀ ቅጽበት አብሮ ይቆማል። በተጨማሪም ሚክሰሩ ላይ ራስዎን በቀጥታ ስለሚሰሙ፣ በላፕቶፕ በኩል ተዟዙሮ ዘግይቶ የሚመጣ ድምፅ አያደናግርዎትም።

ሚክሰር ሲመርጡ አንድ ነገር አጥብቀው ይጠይቁ። በተቀረጸ ክራር ላይ በኋላ ድምፅዎን መጨመር ከፈለጉ፣ ከላፕቶፑ የሚመለሰውን ድምፅ ወደ ሄድፎን ብቻ የሚልክ ቁልፍ ሊኖረው ይገባል፤ ከሌለው አሮጌው ክራር ከአዲሱ ድምፅ ጋር ተደባልቆ እንደገና ይቀረጻል። ለመቅረጫ ፕሮግራም ገንዘብ አያውጡ። ኦዳሲቲ በነፃ ይገኛል፤ ሪፐርም 60 ቀን በነፃ ያስሞክራል፣ የግለሰብ ፈቃዱም 60 ዶላር ነው።

የክራሩ ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እዚህ ከተማ በብዛት የሚታየው ክራር ላይ የምትለጠፈው ሳንቲም የምታህል፣ የክራሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የምትቀይር ፒክአፕ ናት። ቆዳው መካከል ላይ ከለጠፏት የጣትዎን ፍትጊያ ሁሉ እያጎላች ድምፁን ቆርቆሮ ታስመስለዋለች፤ እኔ ወደ ገበቴው ጠርዝ፣ እንጨቱ ላይ፣ በጥቂት ጣት ስፋት እያንቀሳቀስኩ ስሞክር ነው የክራሩ የራሱ ወዝ የተመለሰው። ይህቺ ፒክአፕ በቀጥታ ተራ የሚክሰር ቀዳዳ ውስጥ ስትገባ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋባታል፤ ስለዚህ ለጊታር ተብሎ የተሠራ መግቢያ ያለው ሚክሰር ይፈልጉ፣ ወይም የመሣሪያን ድምፅ ለሚክሰር እንዲስማማ አድርጎ የሚያስገባ ዲአይ ቦክስ ይግዙ። ቤት ውስጥ ግን ፒክአፑን ተዉትና ያንኑ ዳይናሚክ ማይክ ከቆዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቀው፣ ትንሽ ወደ ጎን አጋድመው ክራሩን ለብቻው ቅረጹት። ከኋላዎ ወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይስቀሉ። የሚያመጣው ልዩነት ውድ ማይክ ከሚያመጣው ይበልጣል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ኬብል ላይ አይሰስቱ። አንድ ምሽት ትዝታ እየተዘፈነ ሳለ የክራሩ ጃክ ብየዳ ለቀቀና ድምፁ ጠፋ፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ መድረኩ ላይ ተንበርክኬ ጃኩን በሁለት ጣት ይዤ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ኬብል አንድ መለዋወጫ ሳልይዝ ከቤት አልወጣም። የማይክ ኬብል ባለ ሦስት እግር የሆነውን ይውሰዱ፤ በመንገዱ የሚገባውን ጩኸት የሚሰርዘው በአሠራሩ ስለሆነ ረጅም ሲሆንም ንጹሕ ይቆያል። የክራሩ ተራ ጃክ ኬብል ግን ከአምስት ስድስት ሜትር አይብለጥ።

ድምፅ ማጉያ መጨረሻ ላይ ይሁን። የሚጫወቱበት ቤት ካለው ወይም በኪራይ ከተገኘ መቆየት ይችላል፤ ማይክና ሚክሰር ግን በየቀኑ እጅዎ ላይ ናቸው። ሲገዙም አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ፣ ባለ 10 ወይም ባለ 12 ኢንች አንድ ብቻ ለሃምሳ ሰው ይበቃል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አይመኑት፤ ያ ለቅጽበት የሚወጣው ከፍተኛው ልክ ነው፤ ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው። ማጉያውን ሁልጊዜ ከማይኩ ወደ ፊት አሳልፈው፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙረው ያስቀምጡት፤ ከኋላዎ ካቆሙት የትኛውም ማይክ ሊጮህ ይችላል።

ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የሚያስመጡ ከሆነ፣ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት የእኛ 220 መሆኑን አይርሱ። የሚክሰሩ አዳፕተር ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ ከሌለ እንደሰኩት ሊቃጠል ይችላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያመጣውን ግፊት ለመከላከልም አነስተኛ ስታቢላይዘር ይግዙ።

የብር ዋጋ ያልጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የምንዛሪ አሠራሩ ከተለወጠ ወዲህ ዛሬ የሰማሁትን ዋጋ በሚቀጥለው ወር አላገኘውም። ይልቁንስ ያለዎትን ገንዘብ በሦስት ከፍለው አንዱን እጅ ለማይክ፣ ለስታንድና ለኬብል፣ አንዱን ለሚክሰር፣ የቀረውን ለሄድፎንና ለዲአይ ቦክስ ያድርጉት። ወደ ሱቅ ሲሄዱም ክራሩንና ላፕቶፑን ይዘው ይሂዱ፤ ሁለት ደቂቃ ቀርጸው በሄድፎን ሳያዳምጡ ገንዘብ አይክፈሉ። መሞከር የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎት ወደ ቀጣዩ ሱቅ ይለፉ።