በ2 ኃይል ሲባዛ ኢንፊኒቲ የሚሆን ደብል

ጥያቄ፦ በሲ ቋንቋ አንድን ደብል (double፣ ባለ 64 ቢት የአስርዮሽ ቁጥር) በ2 ኃይል ለማሳደግም ለማሳነስም ኃይሉን በፓው (pow፣ ኃይል የሚያሰላው ተግባር) አስልቼ አባዛዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ኢንፊኒቲ፣ ዜሮ ወይም ናን (NaN፣ ቁጥር ያልሆነ ውጤት) ይመጣብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስህተቱ የሚፈጠረው ገና ሳያባዙ ነው። የደብል ትልቁ ኤክስፖነንት 1023 ስለሆነ ፓው 2^1100ን ሲጠየቅ ኢንፊኒቲ ይመልሳል። ቁጥርዎ 2^-1060 ከሆነ ትክክለኛው መልስ 2^40 ነው፤ እርስዎ ግን በኢንፊኒቲ አባዙት። ቁጥሩ ዜሮ ከነበረ ደግሞ ናን ይወጣል። ወደ ታችም ያው ነው፦ 2^1000ን በ2^-1100 ሲያባዙ ፓው ቀድሞ ዜሮ ስለሚሆን 2^-100 ይጠፋል።

ፓውን ይተዉትና ቁጥርን በቀጥታ በ2 ኃይል የሚያባዛውን ተግባር፣ ስካልቢኤንን (scalbn)፣ ይጥሩ። ከ1999ኙ የሲ መስፈርት ጀምሮ በማዝ ዶት ኤች (math.h) ውስጥ አለ፤ ቁጥሩንና ኃይሉን የሚገልጸውን ኢንቲጀር ይቀበላል፣ ኃይሉን ለብቻው አያሰላም።

ብዙ ሰው በራሱ ሊሠራው ይሞክራል። የኤክስፖነንቱን 11 ቢቶች ወስዶ መደመር ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ዜሮን፣ ናንን፣ ኢንፊኒቲንና ከ2^-1022 በታች ያሉትን ሰብኖርማሎች (በአነስተኛ ጥራት የሚቀመጡ እጅግ ትናንሽ ቁጥሮች) ያበላሻል። ኃይሉን ከፋፍሎ በየተራ ማባዛት ይሻላል፣ እሱም ወደ ታች ሲሄድ ወጥመድ አለው። መካከለኛው ውጤት ሰብኖርማል ከሆነ አንዴ ይጠጋጋል፣ በቀጣዩ ማባዛት ደግሞ ይደገማል፤ 3.46 መጀመሪያ 3.5፣ ቀጥሎ 4 እንደሚሆነው፤ በአንዴ ቢጠጋጋ 3 ነበር። መፍትሔው ኃይሉ ከ-1022 በታች ሲሆን በ2^-1022 ሳይሆን በ2^-969 መጀመር ነው። የሚቀረው ኃይል -54 ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ፣ መካከለኛው ሰብኖርማል ቢሆን እንኳ የመጨረሻው መልስ ዜሮ ነው፤ የመጀመሪያው መጠጋጋት የሚያበላሸው ነገር የለም።

ኤልዲኤክስፒስ (ldexp፣ ቁጥርን በ2 ኃይል የሚያባዛው ሌላው የሲ ተግባር)? የቁጥር መሠረቱ 2 በሆነ ማሽን እሱና ስካልቢኤን አንድ ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው እንደ አይቢኤም ሜይንፍሬም አሮጌው ፎርማት መሠረቱ 16 ሲሆን ነው፦ ስካልቢኤን በ1 ሲጠራ በ16 ያባዛል፣ ኤልዲኤክስፒ በ2። ስለዚህ ኤልዲኤክስፒን የ2 ኤክስፖነንትን ለይቶ ከሚያወጣው ፍሬክስፒ (frexp)፣ ስካልቢኤንን በማሽኑ መሠረት ኤክስፖነንትን ከሚሰጠው ኢሎግቢ (ilogb) ጋር ያጣምሩ፤ አያደባልቁ።

ኃይሉን ከብዙ ኤክስፖነንቶች ድምር የሚያገኙት ከሆነ ኢንቱ (int) ሞልቶ እንዳያልፍ በሎንግ ሎንግ (long long) ይደምሩና ከመጥራትዎ በፊት በ-2200 እና በ2200 መካከል ይገድቡት። ከትንሹ ሰብኖርማል 2^-1074 እስከ ትልቁ ቁጥር ያለው ርቀት ከ2100 ስለማይበልጥ መልሱ አይለወጥም። በ1023 መገደብ ግን ስህተት ነው፤ ከላይ ያለው የ2^-1060 ምሳሌ ይወድቅበታል።