«ኤስፔራንቶኛ» ወይስ «ኤስፔራንትኛ»?

ጥያቄ፦ ስለ ሰው ሠራሽ ቋንቋዎች አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። «ኤስፔራንቶ ይናገራል» ልበል ወይስ «ኤስፔራንቶኛ ይናገራል»? አንድ ጓደኛዬ «-ኛ» የሚጨመረው ሕዝብ ወይም አገር ላለው ቋንቋ ብቻ ነው ይላል። ስሙንስ በ«ፔ» ልጻፈው ወይስ በ«ፐ»?

መልስ፦ እንኳን ጠየቁኝ። ይህቺ «-ኛ» ስንት ጊዜ እንቅልፍ ነስታኛለች!

ከጓደኛዎ ልጀምር። ብቻውን አይደለም፤ ይህንኑ የሚያስተምሩም አሉ። ክርክሩ ሲሰሙት ያምራል። እንግሊዝ እንግሊዝኛ፣ ጃፓን ጃፓንኛ፤ ኤስፔራንቶ የሚባል አገር የለም፣ ስለዚህ «-ኛ» አይገባውም። እስቲ ግዕዝን እንይ። ስሙን ከአግዓዝያን ጋር የሚያያይዙት ብዙ ናቸው። ሕዝብ አለው ማለት ነው። «ግዕዝኛ» የሚል ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። ስዋሂሊ ደግሞ ሥሩ «የባሕር ጠረፍ» የሚል የዓረብኛ ቃል ነው። ጠረፍ አገር አይደለም። ስዋሂልኛ ስንል ታዲያ ማን ከለከለን? ደንቡ ያለው ደንቡን በሚያስተምሩት ሰዎች ደብተር ላይ ብቻ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኦ» የት ትግባ?

አማርኛ የቋንቋ ስም ሲሠራ የመጨረሻውን አናባቢ ይጥላል። ጉራጌ ጉራግኛ ይሆናል፤ ወላይታ ወላይትኛ፤ ቻይና ቻይንኛ። ኦሮሞም ኦሮምኛ ይሆናል። (ተናጋሪዎቹ አፋን ኦሮሞ ይሉታል፤ እዚህ የማወራው ስለ አማርኛው የቃል አመሠራረት ነው።) በዚህ ሒሳብ ትክክለኛው «ኤስፔራንትኛ» ነው። ለጆሮ እንግዳ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቋንቋው ራሱ ይመሰክርልኛል።

ኤስፔራንቶን ያወጣው የዓይን ሐኪሙ ሉድቪክ ዛመንሆፍ ነው። የመጀመሪያውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1887 ዋርሶ ላይ ሲያሳትም ስሙን ሸሽጎ «ዶክተር ኤስፔራንቶ» ብሎ ፈረመ። ቋንቋውን የጠራው «ዓለም አቀፍ ቋንቋ» ብሎ ነበር። የብዕር ስሙን ለቋንቋው የሰጡት ተጠቃሚዎቹ ናቸው። ቃሉ ሦስት ቁራጭ አለው። «ኤስፔር» የተስፋ ሥር ነው። «አንት» አድራጊነትን ያሳያል። «ኦ» ደግሞ «ይህ ስም ነው» ከማለት በቀር ሥራ የላትም። በዚህ ቋንቋ ስም ሁሉ በ«ኦ»፣ ቅጽል ሁሉ በ«አ» ያልቃል። ዛመንሆፍ ካወጣቸው 16 ሕጎች የመጨረሻው የስምን «ኦ» መጣል ይቻላል ይላል፤ ገጣሚዎች ይጠቀሙበታል። እንግዲህ የእኛም ሕግ የእሱም ሕግ «ጣላት» ካሉ ማን ነኝ ብዬ ላቆያት?

ትርጉሙን ካነሳን፣ «ኤስፔራንቶ» በአማርኛ «ተስፈኛ» ማለት ነው። እዚያም «-ኛ» አለች! ግን ልብ ይበሉ፤ ያቺ ሌላ ናት። ሰውን የምትሠራው «-ኛ» ከፊቷ የግዕዝ ድምፅ ትፈልጋለች፦ ፈረሰኛ፣ ዕድለኛ፣ ፖለቲከኛ። ቋንቋን የምትሠራው ሳድስ ትወዳለች፦ አማርኛ፣ ትግርኛ። ስለዚህ «ኤስፔራንትኛ» ቋንቋው፣ «ኤስፔራንተኛ» ተናጋሪው ይሆኑልን ነበር። በአንዲት ፊደል ልዩነት ሁለት ቃል! እዚህ ላይ «ሁሉም ሰው እኮ እንግሊዘኛ ነው የሚለው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አዎ፣ ይላል። እኔ ራሴ ስልክ ላይ ሳወራ አምልጦኛል። ስጽፍ ግን እስከ ዛሬ «እንግሊዝኛ» ነው፤ ወደፊትም አልተውም።

ድሮ ደግሞ ሌላ መንገድ ነበረን። ዕብራይስጥ፣ ሮማይስጥ ስንል ያቺ «-ይስጥ» ከየት መጣች? ከግሪክ። ዮሐንስ ወንጌል 19፡20 ላይ ከመስቀሉ በላይ ስለተጻፈው ጽሕፈት ሲነገር፣ ግሪኩ «ሄብራይስቲ፣ ሮማይስቲ» ይላል። «በዕብራውያን አነጋገር፣ በሮማውያን አነጋገር» እንደማለት ነው፤ ተውሳከ ግሥ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ የቋንቋ ስም ሆነ። የሚገርመው፣ ኤስፔራንቶም መጨረሻውን ወደ «ኤ» ቀይሮ «ኤስፔራንቴ» ሲል «በኤስፔራንቶ» ማለቱ ነው። የጥንቶቹ ተርጓሚዎች ቢያገኙት «ኤስፔራይስጥ» ይሉት ነበር። ባይሆንም ጴጥሮስን በጰ እና በጠ የጻፈ እጅ «ኤስጴራንጦ» ማለቱ አይቀርም። እኔን ብትጠይቁኝ፣ እንዲህ ቢጻፍ ደስ ይለኛል።

ምኞቴን ልተወውና፣ «ኮሪያኛ» እና «ራሽያኛ» አናባቢያቸውን እንደያዙ ለምደናቸዋል። ስለዚህ «ኤስፔራንቶኛ» ያለ ሰው ተሳሳተ ለማለት አፌ አይሞላም። ብዙው ሰው የሚጽፈው ደግሞ እንዲሁ «ኤስፔራንቶ» ብሎ ነው። ለጽሑፍዎ እሱ ይበቃል። ቅር እያለኝ ነው የምለው።

ፔ ወይስ ፐ? እዚህ ላይ አልደራደርም። ኤስፔራንቶ ያለው አምስት አናባቢ ብቻ ነው፦ አ፣ ኤ፣ ኢ፣ ኦ፣ ኡ። የ«ፐ» አናባቢ በቋንቋው ውስጥ የለም። ስለዚህ ፔ። ሲያነቡት ደግሞ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ክፍለ ቃል ይጫኑት፤ «ኤስፔራንቶ» ሲባል «ራን» ላይ ነው። ይህ ለሁሉም ቃል ይሠራል።

ተነባቢዎቹ ግን ለእኛ ዘመድ ናቸው። ዛመንሆፍ የላቲን ፊደል ሲያጥረው ሲ፣ ጂ፣ ኤች፣ ጄ እና ኤስ ላይ ባርኔጣ ደፋባቸው፤ ዩ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት አደረገ። ቋንቋውን የሚናገሩትም «ባለ ባርኔጣ ፊደላት» ይሏቸዋል። የእኛ ጸሐፊዎች ከብዙ ዘመን በፊት ያደረጉት ይህንኑ አይደል? ሰ ባርኔጣ ደፍታ ሸ ሆነች፤ ተ ቸ፣ ደ ጀ፣ ዘ ዠ፣ ከ ኸ ሆኑ። የእሱ አምስት ባርኔጣዎች በፊደላችን አንድ ሳይቀር አሉ፦ ች፣ ጅ፣ ኽ፣ ዥ፣ ሽ። የኽ ዕጣ እንኳ አንድ ነው። እኛ ዘንድ አብዛኞቻችን ከ«ህ» አንለየውም። እነሱ ዘንድ ደግሞ ቦታውን ለ«ክ» እየለቀቀ ነው፤ ኬሚስትሪን ድሮ «ኼሚኦ» ይሉት ነበር፣ ዛሬ «ኬሚኦ» ነው።

ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ባርኔጣ የሌለው ሲ «ትስ» ነው እንጂ «ጽ» አይደለም። ሰላም «ፓትሶ» ነው፤ «ፓጾ» ብለው የሚጽፉ አሉ፣ ግን ኤስፔራንቶ እንደ ጽ፣ ጥ እና ቅ ያለ ፈንጂ ድምፅ አንድም የለውም። ሌላው መጥበቅ ነው። ፊደላችን ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም፤ «አለ»ን ማየት ይበቃል። «ሎንጋ» ረጅም ነው። ተቃራኒ የሚሠራውን «ማል» ሲጨምሩበት አጭር ይሆናል፤ ሁለቱም «ል» ይሰማሉ። «ማሎንጋ» ብለው ከጻፉት አንባቢው አላልቶ ያነበዋል። ስለዚህ ዓይን ቢያስቀይምም «ማልሎንጋ» ብለው ይጻፉት።