በብልቃጡ ላይ ያለው «ፀረ»

ጥያቄ፦ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ለምርምር የምንጠቀምበት አንድ አንቲቦዲ (ሰውነት ባዕድ ነገርን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) አለ፤ ከጥንቸል የተገኘ ነው፣ በሰው ቆሽት የሚመነጨውን አሚሌዝ፣ ማለትም ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይም፣ ለመለየት ያገለግላል። ባልደረባዬ በብልቃጡ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ስም (rabbit anti-human pancreatic amylase) «የጥንቸል ፀረ ሰው የቆሽት አሚሌዝ» ብሎ ተረጎመው። ሌላዋ ባልደረባችን ደግሞ «ቆሽት ሳይሆን ጣፊያ ነው የሚባለው» ትላለች። የቱን እንያዝ?

መልስ፦ ከቀላሉ ልጀምር፤ ቆሽት ትክክል ነው። ጣፊያ በግራ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር ያለው፣ ደም የሚያጣራው፣ ወባ ሲደጋገም የሚያብጠው ነው። ቆሽት ግን ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ ኢንሱሊንና የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞችን ያመነጫል። አንዳንድ የጤና ጽሑፎች ሁለቱን ሲያደባልቁ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል፣ በሽተኛ የታመመበትን አካል በስሙ ማወቅ አለበትና። «ቆሽቴ አረረ» የሚል ሕዝብ ለዚህ አካል ስም አላጣም። አባባሉ የንዴትና የሐዘን ነው፤ ሆኖም ቆሽት ሲቆጣ ለምግብ ያዘጋጃቸው ኢንዛይሞች መልሰው ራሱን መፍጨት እንደሚጀምሩ ሳስብ ቃሉ ይከብደኛል።

ዋናው ጉዳይ «ፀረ» ነው። ፀር በግእዝ ጠላት ማለት ነው። «ፀረ» ሲሆን ቀጥሎት ከሚመጣው ስም ጋር ይናበባል፤ ፀረ ማርያም ስንል የማርያም ጠላት ማለታችን ነው። አማርኛም ይህን ጠብቆ ፀረ ተባይ፣ ፀረ ወባ ይላል። ስለዚህ ባልደረባዎ «ፀረ ሰው» ብለው ሲጽፉ የአንባቢ ጆሮ እዚያው ሰው ላይ ይቆማል፤ ትዝ የሚለውም ፀረ ሰው ፈንጂ ነው። እንግሊዝኛው «ፀረ»ውን ከሰው አሳልፎ እስከ አሚሌዝ ያደርሰዋል፣ የእኛው ግን አጠገቡ ካለው ስም አይላቀቅም።

ቅደም ተከተሉን አስተካክለን «ፀረ አሚሌዝ» ብንልስ? አሁንም አሚሌዝን የሚያጠፋ መድኃኒት ይመስላል። ሥራውን እንየው። የሰው አሚሌዝ በጥንቸሏ ሰውነት ይወጋል፤ ሰውነቷ ባዕድ ነው ብሎ አንቲቦዲ ያመርትበታል፤ እሱም ከደሟ ተወስዶ ይጣራል። በላብራቶሪ ከቆሽት በተቆረጠ ስስ ናሙና ላይ ሲጨመር አሚሌዙን ፈልጎ ይጣበቅበታል፤ ከዚያ አሚሌዙ የት እንዳለ በቀለም ወይም በብርሃን ይታያል። ጠላትነቱ በጥንቸሏ ሰውነት ቀርቷል፤ እዚህ የቀረው መያዝና ማሳየት ነው።

«ፀረ እንግዳ አካል» የሚለው ስም ግን፣ ስለ ሰውነት መከላከያ ሲወራ፣ በደንብ የተዋቀረ ነው፤ ጠላትነቱ ለእንግዳው ነው። አሳጥረው «ፀረ አካል» የሚሉት ትርጉሙን ይገለብጡታል፣ የአካል ጠላት ይሆናልና። ለብልቃጡ እኔ ባለሙያው ሁሉ የሚያውቀውን «አንቲቦዲ» እመርጣለሁ፦ «የሰውን የቆሽት አሚሌዝ የሚለይ፣ ከጥንቸል የተገኘ አንቲቦዲ»።

አንድ ነገር ብቻ ያጣሩ። አሚሌዝ በምራቅም አለ፤ ሁለቱ እጅግ ይመሳሰላሉ። አንቲቦዲው የምራቁንም የሚይዝ ከሆነ «የሚለይ» ማለት ያሳስታል፤ ያኔ «የሚይዝ» ብለው ይጻፉት።