ሀቡ ይነቀላል፣ ይፈታል ወይስ ይላቀቃል?

ጥያቄ፦ «ለመካኒክነት ሠልጣኞች አጭር መመሪያ እየጻፍኩ ነው። ‹ዝጎ የነከሰውን ሀብ ከአክስሉ ንቀል› ብዬ ነበር። ረቂቁን ያየ ባልደረባዬ ‹መንቀል ሥር ላለው ነገር ነው፤ ፍታ በል› አለኝ። ‹ነከሰ›ንም የሰፈር ቋንቋ ነው ብሎ ሰረዘው። ማን ነው ልክ?»

መልስ፦ ይህን ጥያቄ አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። (ሀብ ጎማው የሚታሰርበት የመሐል ብረት ነው፤ አክስል ደግሞ እሱን የሚያዞረው ዘንግ።) የአማርኛ ግሶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚኖሩት። አንድ ነገር በየትኛው ግስ እንደሚወጣ ሲቸግርዎ፣ በየትኛው ግስ እንደገባ ይጠይቁ። የታሰረ ይፈታል። የተተከለ ይነቀላል፤ የተሰካም እንዲሁ። የተጣበቀ ይላቀቃል።

ከ«ፈታ» እንጀምር። ግእዙ «ፈትሐ» ነው፤ አማርኛ ሐን ጣላት። ፍትሕ፣ ፍቺና ፍታት ሁሉ ከዚሁ ቤት የወጡ ናቸው። ዳኛ ነገር ይፈታል፣ ካህን ሙት ይፈታል፣ ሕልም የሚያውቅ ሕልም ይፈታል። በሁሉም ውስጥ የታሰረ ነገር አለ። መካኒክም ዳዶ (በብሎን ጥርስ ላይ እየዞረ የሚጠብቀውን ማሰሪያ) «አሰርኩ» ስለሚል «ፈታሁ» ማለቱ ትክክል ነው። ሀቡ ግን በአክስሉ ላይ አልታሰረም። የአክስሉ ጫፍ ዙሪያውን ጥርስ አለው፤ ሀቡም ውስጡ ጥርስ አለው፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ተሰክቷል። የታሰረው ጫፉ ላይ ያለው ዳዶ ነው። ስለዚህ ዳዶው ይፈታል፣ የተሰካው ይነቀላል። የስልክ ቻርጀር ከሶኬት ሲወጣ «ንቀለው» የምንለው በዚሁ ሕግ ነው።

«ነቀለ ለሥር ብቻ ነው» የሚል ወገን እንዳለ አውቃለሁ። ከዚህ በፊትም ተከራክሬዋለሁ። ድንኳን ምን ሥር አለው? ምስማርስ? ሁለቱም ግን ይነቀላሉ። «ሕዝቡ ነቅሎ ወጣ» ስንልም የሚታየን ሥር ሳይሆን አንድ ሰው እንኳ ሳይቀር መውጣቱ ነው። ግሱ የያዘው ይህንን ነው፦ ሳይቆራረጥ፣ በኃይል፣ ሙሉውን ማውጣት። ለተሰካ ሀብ ከዚህ የተሻለ ቃል ከየት ይመጣል?

«ነከሰ»ን መሰረዙ ደግሞ አሳዝኖኛል። ቃሉ ጥንታዊ ነው። ግእዙ «ነሰከ» ይላል፤ ዕብራይስጡም ድምፆቹን በዚያው ቅደም ተከተል ይዟቸዋል። አማርኛ ሁለቱን ፊደላት አቀያይሮ «ነከሰ» አለ። ትርጉሙም ከብረቱ ጋር ይገጥማል። ዝገት ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። በሀቡና በአክስሉ መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት ውስጥ ሲያብጥ ጥርስን ከጥርስ ጋር ጨምድዶ ይይዛል። «ጠበቀ» ቢሉ ሰው ያጠበቀው ይመስላል። «ተጣበቀ» ቢሉ ሙጫ ያለበት ይመስላል። «ነከሰ» ግን ብረቱ ራሱ ይዞ አልለቅም ማለቱን ይናገራል።

በቅርቡ የመኪናዬ የፊት ኩሽኔታ መጮህ ጀምሮ መካኒኩ አጠገብ ቆሜ ነበር። (ኩሽኔታ በጣሊያንኛ «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው፤ ሀቡ በላዩ ላይ ተመቻችቶ ይዞራልና ስያሜውን እወደዋለሁ።) ዳዶውን ፈታ። አክስሉ ንቅንቅ አላለም። ዝገት የሚያላላ ዘይት ረጭቶ ረዘም ላለ ጊዜ ተወው። ከዚያ ዳዶውን ከአክስሉ ጫፍ እኩል እስኪሆን መልሶ አስገባና በመዶሻ መታው። ባዶውን ቢመታ ጫፉ ይደፈጠጥና ዳዶው ዳግም አይገባም። አሁንም እምቢ አለ። በመጨረሻ ዳዶውን አውጥቶ ፑለር (ስቦ ማላቀቂያ መሣሪያ) ገጠመ። ሦስቱ እግሮች ሀቡን ጨበጡ፣ መሐል ያለው ብሎን የአክስሉን ጫፍ መግፋት ጀመረ። ቁልፉን ሲያዞር፣ ሲያዞር፣ ድንገት «ጧ!» አለ። ቡናማ ዱቄት ወለሉ ላይ ፈሰሰ። «ተላቀቀ!» አለ። ቀጥሎ ሀቡን ከኋላ የያዙትን ብሎኖች ፈታ። ሀቡን በእጁ ይዞ ብድግ ሲልም «ነቀልኩት» አለኝ። ሦስት ግስ፣ ሦስት የተለያየ ሥራ። እዚያው ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

ስለዚህ እኔ ብሆን የመመሪያውን ርዕስ «የነከሰ ሀብ ማላቀቅ» እለው ነበር። «ለቀቀ» ነው ሥሩ፤ ሁለት የተያያዙ ነገሮች እርስ በርስ መለቃቀቃቸው ይሰማበታል። መካኒኮች በብዛት «ሀብ መንቀል» እንደሚሉ አውቃለሁ። ዝጎ ለነከሰው ግን ጆሮዬ ወደ «ማላቀቅ» ያደላል።

ስሞቹንም ካነሳን፣ ለአክስል «ዘንግ»ን እመርጥ ነበር። «ሀብ» ደግሞ በግእዝ «ስጥ» ማለት ስለሆነ ባነበብኩት ቁጥር ዓይኔ ይደናቀፋል። «የጎማ እምብርት» ቢባል ደስ ይለኛል። ነገር ግን ለሠልጣኝ የሚጽፍ ሰው ጋራዥ ውስጥ የሚሰማውን ቃል መጻፍ አለበት። ሀብና አክስል ይቆዩ።

ባልደረባዎም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። «ፈታ» ዛሬ ሰፍቷል። «ሞተሩን ፈታው» ሲባል ብትንትኑን አወጣው ማለት ነው፤ «ጎማ ፈታ»ም አፍ ላይ ያለ አነጋገር ነው። «ሀቡን ፍታ» ቢባል የሚሳሳት መካኒክ የለም። ይህን እያቅማማሁም ቢሆን ተቀብያለሁ።

አንድ ቦታ ላይ ግን አልለቅም። የአክስሉ ዳዶ የሚላላው ጎማው መሬት ረግጦ፣ ፍሬን ተይዞ ነው፤ መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ ያን ያህል ኃይል መጠቀም መኪናውን ከድጋፉ ሊጥለው ይችላል። ዳዶው ጨርሶ የሚወጣው ግን መኪናው ተነሥቶ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ኩሽኔታውን አንድ ላይ ጨምቆ የሚይዘው ይኸው ዳዶ ስለሆነ፣ ጨርሶ ወጥቶ ክብደት ካረፈበት ኩሽኔታው ሊጎዳ ይችላል። ለመጀመሪያው «አላላ»፣ ለሁለተኛው «ፍታ» ብለው ይጻፉ። ለሁለቱም «ፍታ» ካሉ ሠልጣኙ ያለጊዜው ጨርሶ ያወጣዋል። «የነከሰውን» የሚለውንም ወደ ቦታው ይመልሱት።