የድሬዳዋ ወይን፦ ከዝርያው በፊት የመግረዣው ወር ይወሰን

«ድሬዳዋ ዳር ሩብ ሄክታር የቤተሰብ መሬት አለን። ከጣሊያን ዝርያዎች ሳንጆቬዜ ይሻላል ወይስ ኔሮ ዳቮላ? ኬሚካል ሳናበዛ በዓመት ሁለቴ ማምረትስ እንችላለን?» ላላችሁት።

ከሁለተኛው ልጀምር። ሁለቴ ማፍራት ይቻላል፣ ግን አያዋጣም። ድሬዳዋ ሐረጉን የሚያስተኛ ብርድ ስለሌላት ወይኑ የሚነሣው ስትገርዙት ነው፤ ከዚያ እስከ ለቀማ አራት ወር ገደማ ይፈጃል። በመጋቢት የተገረዘው ሐምሌ ላይ ዝናብ ያገኘዋል፤ ፍሬው ይሰነጠቃል፣ ይበሰብሳል። በመስከረም መጨረሻ የተገረዘው ግን ሌሊቱ ቀዝቀዝ በሚልበት በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ፣ በልጉ ሳይገባ ይደርሳል።

በሚያዝያም ትገርዛላችሁ፤ ያኛው ለፍሬ አይደለም። እያንዳንዱን ቅርንጫፍ አንድ ወይም ሁለት ዐይን (ቀንበጥ የሚፈነዳበት እብጠት) አስቀርታችሁ ቁረጡት፣ ብቅ የሚለውን ዘለላ ሁሉ አውልቁ። በህንድ ማሃራሽትራም ወይን የሚያለሙት በዚሁ ስልት ነው። የመስከረሙ ዘለላ ዐይኑ ውስጥ የሚፈጠረው ከሚያዝያው መግረዝ በኋላ ከ40 እስከ 60 ባሉት ቀናት አካባቢ ነው። ያኔ ቀንበጡ ተጨናንቆ ፀሐይ ካልገባው በመስከረም የምታገኙት ቅጠል ብቻ ነው። «ዝርያው አልተስማማንም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይኼ ነው።

ሌላው ችግር የጫፍ ዐይኖች ብቻ ፈንድተው የታችኞቹ መተኛታቸው ነው። ከመስከረሙ መግረዝ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ውሃውን ቀንሱ፣ ቅጠሉን በእጅ አራግፉ፣ ከገረዛችሁ በኋላ የተረፈውን ቀንበጥ ሽቦው ላይ እንደ ደጋን አጉብጣችሁ እሰሩ። ዐይን የሚያፈነዳው ኬሚካል፣ ዶርሜክስ፣ ሥራውን ይሠራል፤ ነገር ግን መርዝ ነው፣ በተለይ የረጨው ሰው አልኮል ከጠጣ ክፉኛ ይታመማል። ልጆች ለሚሮጡበት ማሳ እኔ አልመክረውም።

ዝርያን በተመለከተ፣ በድሬዳዋ 1,200 ሜትር ላይ ምርጫዬ የሲሲሊን ሙቀት የለመደው ኔሮ ዳቮላ ነው፤ ባርቤራም በሙቀት ውስጥ አሲዱን ስለማይለቅ ጥሩ ነው። ሳንጆቬዜ ቆዳው ስስ ነው፤ ሐረር አካባቢ ከፍ ያለ መሬት ያለው ይሞክረው። ኔቢዮሎን ተዉት፦ ግርጌው ላይ ያሉት ዐይኖች እምብዛም አያፈሩም። ለመብል ከሆነ ኢታሊያ የሚባለው ነጭ ወይን አለ።

ችግኙ 1103 ፖልሰን ወይም 140 ሩጄሪ በሚባል ሩትስቶክ (ሥር የሚሆን ሌላ የወይን ግንድ) ላይ የተዳቀለ ይሁን፤ ሁለቱም ኖራ የበዛበትን አፈርና ድርቅ ይችላሉ። ዘመድ በሻንጣ የሚልከውን ቁራጭ አትቀበሉ፤ ያለ ኳራንታይን ፈቃድ አይገባም፣ ቫይረስም ይዞ ይመጣል።

የጉድጓድ ውሃችሁን ሳትተክሉ አስመርምሩ። የጨው መጠኑ ከ1 ዴሲሲመንስ በሜትር ካለፈ ምርት መቀነስ ይጀምራል። በመስመሮች መካከል 2.5፣ በተክሎች መካከል 1.5 ሜትር ተዉ። ላደገ ሐረግ በደረቁ ወራት የሳምንቱን ውሃ በጠብታ መስኖ ለሁለት ከፍላችሁ ስጡ። አፈሩን የማሽላ አገዳ አልብሱት፣ ከግንዱ ግን 30 ሳንቲሜትር አርቁ፤ ምስጥ ይወደዋል። ገራባም (የጫት ትርፍራፊ) ይሆናል፣ ጫቱ ላይ የሚረጨው መድኃኒት ስላለ አስቀድሞ ኮምፖስት ይደረግ። የፍየል ፍግ ጨው ስላለው አታብዙት።

ለነጭ ዱቄት መሰሉ ሻጋታ በ10 ሊትር ውሃ 30 ግራም የሚረጭ ድኝ ይበቃል፣ በማለዳ። ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ከሆነ አትርጩ፣ ቅጠሉን ያቃጥለዋል።