«እናቴን እያስታመምሁ እኔ ራሴ እየወደቅሁ ነው»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 36 ነው። እናቴን ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ ከሰነፈ 8 ወር ሆነ። ቀን ሥራ ስውል ጎረቤት ታይልኛለች፤ ሌሊት በየ2 ሰዓቱ እየተነሣሁ አገላብጣታለሁ። ወገቤ አልቋል። በትንሽ በትልቁ እቆጣታለሁ፣ ከዚያ ተደብቄ አለቅሳለሁ። «አይዞሽ፣ ጠንክሪ» የማይለኝ የለም። እንዴት ነው የሚጠነከረው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህታችን፣ ጥርስ ነክሶ መቻልን ጥንካሬ ያሉሽ ሰዎች አሳስተውሻል። መጀመሪያ ጉልበትሽ የሚያልቅበትን ቦታ እንፈልግ፤ እሱም ሌሊቱ ነው። ለወራት እንቅልፉ የተቆራረጠ ሰው ቁጡና ሆደ ባሻ ይሆናል። ይህ የጠባይ ጉዳይ አይደለም።

የመኝታ ቁስል እንዳይወጣ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ የተለመደ ምክር ነው፤ ግን ለሁሉም ሰው፣ በሁሉም ፍራሽ ላይ የሚሠራ ሕግ አይደለም። ወፍራም ጥሩ ስፖንጅ ወይም በአየር የሚሠራ ፍራሽ ካገኘሽና ቆዳዋ ደህና ከሆነ፣ የሚከታተላት ሐኪም ወይም ነርስ አይቷት የሌሊቱን በየ4 ሰዓቱ ሊያደርግልሽ ይችላል። ጠይቂ። ከፈቀዱ ማታ 4 ሰዓት፣ ሌሊት 8 ሰዓት፣ ንጋት 12 ሰዓት ይሆናል፤ መሐል ላይ የምትነሺው አንዴ ብቻ ነው።

ስታዞሪያት ሙሉ በሙሉ በጎኗ አትጋደም፤ ከጀርባዋ ትራስ ገብቶ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ትበል። ከባቷ ሥር ሌላ ትራስ አድርጊና ተረከዟ ፍራሹን እንዳይነካ አንሺው። ጠዋት ጠዋት መቀመጫዋን፣ ዳሌዋንና ተረከዟን ፈትሺ። በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት በቀላሉ ስለማይታይ በእጅሽ ዳብሺው፦ ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም የጠቆረ ቦታ ካለ የቁስል መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። በዚያ ጎን አታስተኚያት፣ አትሺው፣ ለነርስ አሳዪ።

ወገብሽን የሚጎዳው ጎንበስ ብለሽ በብብቷ ስትስቢያት ይመስለናል። አንሶላ ለሁለት አጥፈሽ ከትከሻዋ እስከ ዳሌዋ ከሥሯ አንጥፊ። ለማዞር ጉልበቷን እጠፊ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጊ፣ አንዱን ጉልበትሽን አልጋው ጠርዝ ላይ አስደግፊና የአንሶላውን የወዲያኛውን ጫፍ ወደ አንቺ ሳቢ። ወደ ራስጌ ከፍ ማድረግ ግን የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ ለብቻሽ አትሞክሪው። ግራ እጇን ይዘሽ በፍጹም አትጎትቻት፤ የሰነፈ ትከሻ ከቦታው ለመንሸራተት ቅርብ ነው።

ቡናስ? ተዪ ብንልሽ አትሰሚንም፤ እኛም አንልም። ነገር ግን ካፌን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከሥራ ገብተሽ 11 ሰዓት ላይ የጠጣሽው፣ ማታ 4 ሰዓት ስትተኚ ግማሹ ገና ከአንቺ ጋር ነው። የመጨረሻው ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት አይለፍ።

ቁጣው ሲመጣ ከክፍሉ ውጪና በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ አስገቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ። 10 ጊዜ፤ 2 ደቂቃ አይሞላም። ችግሩን አይፈታም፤ ጩኸቱን ግን ያሳልፍልሻል።

«የምረዳሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ አንቺም «ምንም አልፈልግ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ትያለሽ። ከዛሬ ጀምሮ ቀንና ሰዓት ቆርጠሽ ጠይቂ፦ «ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 7 ሰዓት እማዬ ጋ ትቀመጪልኛለሽ?» ብዙ ሰው የሚሸሸው ምን እንደሚሠራ ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ የመድኃኒቷን ሰዓት፣ ስትበላና ስትጠጣ ቀጥ ብላ መቀመጥ እንዳለባት፣ ያንቺን ስልክ በወረቀት ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊ። በእነዚያ 4 ሰዓታት ልብስ እንዳታጥቢ! ተኚ፣ ወይም ወጥተሽ 30 ደቂቃ ተራመጂና ጓደኛሽ ጋ ግቢ። ጠያቂ ሲመጣም ቡና ለማፍላት ሽር ጉድ አትበዪ። ረከቦቱን አሳዪያቸው፤ ያፍሉልሽ።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። አብዛኛውን ቀን መከፋት፣ ምንም ነገር ደስ አለማለት 2 ሳምንት ከዘለቀ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልም አለ። «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ 2 ሳምንት አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ለሰው ተናገሪ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ። ጸሎቱም ጸበሉም ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ የታዘዘ መድኃኒት ግን እንዳይቋረጥ።

ጥያቄ፦ አባቴን እህቴ አዲስ አበባ ታስታምመዋለች፤ እኔ በየወሩ ገንዘብ እልካለሁ። ስደውልላት ግን ትቆጣኛለች። ምን አጠፋሁ? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ምናልባት የሚደውሉት ሪፖርት ለመቀበል ይሆናል፦ «በላ? መድኃኒቱን ወሰደ?» ቀኑን ሙሉ ስትለፋ ለዋለች ሴት ይህ እንደ ቁጥጥር ይሰማታል። መጀመሪያ «አንቺስ ተኛሽ?» ይበሏት። ሰዓትም ይወስኑ፦ በእርስዎ ቅዳሜ ቀን 7 ሰዓት ሲሆን እርሷ ዘንድ በአሜሪካ በጋ ማታ 2፣ በአሜሪካ ክረምት ማታ 3 ሰዓት ነው፤ አባትዎ ከተኙ በኋላ ማለት ነው። ከገንዘቡም ላይ ቁርጥ ያለ ድርሻ ለተመላላሽ ሠራተኛ ይመድቡ፤ በሳምንት 2 ቀን ብትመጣ እንኳ ለውጡ ይታያል። እረፍት ወስደው አገር ቤት ሲገቡ ደግሞ እንግዳ አይሁኑ። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት አገላበጡን፣ አመጋገቡን ከእህትዎ ይማሩና ለቀሩት ቀናት ቁልፉን ተቀብለው እርሷን ከቤት ያስወጧት።